ስለ ዐይን ሕመምና ስለ ሁለቱ ዐይነት ሕዋሳት

ሰው ፈጽሞ ያላወቀውን ነገር ከሚያውቅ ጠይቆ ይረዳል፤ በግማሽ ያወቀውን ነገር ግን ሁሉን ያወቀ እየመሰለው ሳይጠይቅ ይቀራል። ከሁለቱም ይልቅ አብልጦ የሚጎዳው የኋለኛው መሆኑን በገዛ ቤታችን ከደረሰው ነገር ተረዳን። ስለዚህ የቤተ ሰብ ነገር በሚነገርበት በዚህ ገጽ፥ ያፈርንበትን ሳንሸሽግ፥ የተማርነውንም ሳናስቀር ለክቡራን አንባብያን ልንገልጽ ወደድን።

ትውልዳችን በሞጣ አጠገብ ነው፤ እንጀራችን ግን በብቸና በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ነው። በልጅነታችን ጊዜ እናታችን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ከደጃፍ ትቀመጥና ወረንጦ ትሰጠን ነበር። የዐይኗ ሽፋን ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቷ ብሌኗን ይወጋት ስለ ነበረ፥ እኛ ልጆቿ ጸጉሩን አንድ በአንድ እየያዝን እንነቅልላት ነበር። የተነቀለውም ጸጉር ብዙ ሳይቆይ ጠንክሮ ይበቅልና እንደ ገና ያስለቅሳት ነበር። እኛ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረን ዳዊት እስክንደግም ድረስ ወረንጦው ከእጃችን አልተለየም፤ በመጨረሻም የግራ ዐይኗ ነጭ ሆኖ ጠፋ። የቀኙ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ሽፋኑ በቀዶ ሕክምና ስለ ተስተካከለ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ዛሬም ሰውን በመልኩ ትለያለች።

ከዚህ በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን፥ የሰው ገላ ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች እንደ ተሠራ፥ ብዙ ሕመም የሚያመጡት ባክቴሪያዎችም እያንዳንዳቸው አንድ ሕዋስ ብቻ እንደ ሆኑ ተማርን። ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ የተነገረውን፥ ሕዋስና ሕዋስ እንደሚለያይ፥ በጆሯችን ሰምተን በልባችን ሳናኖረው ቀረን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሴት ልጃችን የአራት ዓመት ሕፃን ሳለች፥ ትራኮማ የሚባለውን የዐይን ሕመም ለማጥፋት መድኃኒት የሚያድሉ ሰዎች ወደ ሰፈራችን መጡ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛይቱ የሕፃናቱን ቁመት ምልክት ባለበት ዘንግ እየለካች ለእያንዳንዱ ልኩን ትሰጥ ነበር። ያን ጊዜ ከኛ ዘንድ ሰንብታ የነበረችው እናታችን አማትባ ዋጠች። እኛ ግን፥ የተማርን ነንና፥ እንዲህ ብለን ተከራከርን። «ባክቴሪያው ሕዋስ ነው፤ የልጃችንም ዐይን ሕዋስ ነው፤ ሕዋስ የሚገድል መድኃኒት አንዱን ከሌላው በምን ይለየዋል? ደግሞስ ልጅቱ ጤነኛ አይደለችምን?» ልጅቱም በትሕትና፥ «ጋሼ፥ መድኃኒቱ ይለየዋል። የሚሰጠውም ለታመመው ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሁሉ ነው» አለችን። እኛ ግን አልሰማናትም፤ ራሳችንም ሳንውጥ፥ ሕፃኒቱንም ሳናስውጥ አሰናበትናት።

ከጥቂት ወራት በኋላ የልጃችን ዐይን ቀላ፥ ዐይናርም አበዛ። ወደ ሐኪም ብንወስዳት የላይኛውን ሽፋን ገልብጦ በውስጡ የጤፍ ፍሬ የመሰሉ ነጫጭ እብጠቶችን አሳየን። እነዚህ የትራኮማ ምልክት ናቸው። ያን ዕለት ያላስነካነውን መድኃኒት ያን ጊዜ ለምነን ተቀበልን፤ ልጃችንም ዳነች። እኛም ክርክራችን የተሳሳተው በምን እንደ ሆነ እስክናውቅ ድረስ ዕረፍት ስላጣን፥ ከመጻሕፍትና ከሚያውቁ ሰዎች መጠየቅ ጀመርን። ያገኘነውም ይህ ነው። ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ1665 ዓ.ም. ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ ቡሽ በቀጭኑ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ቢመለከት፥ እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ትንንሽ ክፍሎች አየና የመነኵሴ በኣት በሚጠራበት ስም ጠራቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌቨንሁክ የተባለ የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴ በገዛ እጁ በሳለው መስተዋት በውሃ ጠብታ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ረቂቃን ፍጥረታትን አየ። ከዚያም በ1838 እና በ1839 ዓ.ም. ሽላይደንና ሽቫን የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት ተክልም እንስሳም ከሕዋስ የተሠሩ መሆናቸውን ገለጹ። ነገር ግን ሕዋሳት ሁሉ በሁለት ታላላቅ ወገን መከፈላቸውን በስም የለየ በ1925 ዓ.ም. ኤድዋር ሻቶን የተባለ ፈረንሳዊ ነው። አንደኛውን ወገን ፕሮካርዮት፥ ሁለተኛውን ዩካርዮት አለው። ካርዮን በጽርዕ ቋንቋ የፍሬ አስኳል ማለት ነው፤ ስለዚህ የፊተኛው ከአስኳል በፊት የነበረ፥ የኋለኛው እውነተኛ አስኳል ያለው እንደ ማለት ነው።

የእነዚህን የሁለቱን ልዩነት ለመረዳት የሥራችን ቦታ የሆነው መዝገብ ቤት ረዳን። በማንኛውም ሕዋስ ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል፥ ሕዋሱ የሚሠራው ሁሉ የተጻፈበት ዋና መዝገብ አለ። በዩካርዮት ሕዋስ ይህ መዝገብ ከሌላው ሥራ በግድግዳ በተለየ ክፍል ይጠበቃል፤ ያም ክፍል አስኳል የተባለው ነው። ዋናው መዝገብ ከዚያ አይወጣም፤ የሚያስፈልገው ቃል ብቻ በግልባጭ ተጽፎ በበሩ ይወጣል። በውጭም ራይቦዞም የሚባሉ እጅግ ብዙ ሠራተኞች ግልባጩን እያነበቡ ለገላ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይሠራሉ። ከዚህም በቀር ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ፥ ከምግብ ኀይል የሚያወጡ ክፍሎች፥ የተሠራውንም የሚያሰናዱና ቆሻሻውን የሚፈጩ ሌሎች ክፍሎች ለየብቻቸው ተከልለው ይገኛሉ። ሕዋሱ ብዙ ክፍል እንዳለው እንደ ታላቅ ግቢ ነው።

በፕሮካርዮት ሕዋስ ግን ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። መዝገቡ ብዙውን ጊዜ እንደ ቀለበት የተጋጠመ አንድ ክር ሆኖ ያለ አጥር በመካከል ይቀመጣል፤ ራይቦዞሞቹም ግልባጩ ተጽፎ ሳያልቅ ከሥር ከሥሩ ያነባሉ። አስኳልም ማይቶኮንድሪያም የለውም። መጠኑም ያነሰ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር በ1000 ቢከፈል ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ከዚያ እጅ አንድ ወይም ጥቂት ያህል ሲሆኑ፥ የሰው ሕዋሳት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ይደርሳሉ። ነገር ግን ቤቱ ትንሽ ስለ ሆነ ሥራው ደካማ አይደለም፤ ከባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ሲመቻቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ አንዱ ሁለት ይሆናል።

ከፊተኛው ወገን ባክቴሪያና አርኬያ የሚባሉት ይቈጠራሉ። ከኋለኛው ወገን ሰውና እንስሳ፥ ተክልና ሻጋታ፥ በዐይን የማይታየውም የወባ ተውሳክ ይቈጠራሉ። ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ የሚኖሩ እንዳይመስለን፥ በየቤታችን በቡሖ ዕቃው ውስጥ ሊጡን የሚያቦኩት ሁለቱም ናቸው። ከእርሾው ውስጥ ሊጡን ከሚያኮመጥጡት ረቂቃን ባክቴሪያዎች ፕሮካርዮት ሲሆኑ፥ ኵፍ እንዲል የሚረዳው የእርሾ ፈንገስ ዩካርዮት ነው። ወተቱን እርጎ የሚያደርጉትም ባክቴሪያዎች ናቸው። ደግሞም በጤነኛ ሰው ገላ ላይና ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቍጥራቸው ከሰውየው ከራሱ ሕዋሳት ጋር የተቀራረበ ነው ይባላል። ስለዚህ ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት አይደለም።

የትራኮማው ግን ጠላት ነው፤ ጠባዩም ተንኰለኛ ነው። ስሙ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ ይባላል። ይህ ባክቴሪያ ብቻውን በውጭ ሊራባ አይችልም፤ በዐይን ሽፋን ውስጠኛ ቆዳ ካሉት ሕዋሳት ወደ አንዱ ይገባና በዚያ ውስጥ ተሸሽጎ፥ የሕዋሱን ስንቅ እየበላ ይበዛል። ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ልጆቹ ወጥተው ወደ ጎረቤት ሕዋሳት ይገባሉ። በ1907 ዓ.ም. ሃልበርሽቴተርና ፕሮቫዜክ የተባሉ ሊቃውንት በጃቫ ደሴት ሳሉ ይህን በሕዋስ ውስጥ የተከማቸ ነገር በማይክሮስኮፕ አዩት። ከሕዋስ ውጭ የማይራባ ስለ ሆነም ብዙ ዘመን ቫይረስ መስሎ ይቈጠር ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት ታንግ ፌይፋን የተባለ ቻይናዊ ሐኪም በዶሮ ዕንቍላል ውስጥ አሳድጎ ለየው፤ ከዚያም በኋላ የራሱ ራይቦዞም ያለው እውነተኛ ባክቴሪያ መሆኑ ታወቀ።

እንግዲህ የኛ ክርክር እዚህ ላይ ነበረ። ሌባው ከቤቱ ውስጥ ገብቶ ከተቀመጠ፥ ቤቱን ሳያፈርሱ ሌባውን ብቻ እንዴት ይይዙታል? መልሱም በራይቦዞሙ ላይ ነው። የባክቴሪያ ራይቦዞምና የሰው ራይቦዞም አንድ ሥራ ይሥሩ እንጂ አሠራራቸው አንድ አይደለም። ሊቃውንት በፈሳሽ ውስጥ አሽከርክረው በአዘቃቀጡ ፍጥነት ቢለኩት፥ የባክቴሪያው 70፥ የኛው 80 የሚል ቍጥር ተሰጠው። አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት፥ በ1980 ዓ.ም. በዛግሬብ ከተማ የተገኘው፥ ወደ ሕዋሳችን ይገባል፤ ገብቶም በባክቴሪያው ራይቦዞም ላይ ፕሮቲኑ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይደፍናል። በኛ ራይቦዞም ላይ ግን ቦታው የተለየ ስለ ሆነ እንደዚያ አይዝም። በመዝገብ ቤት ቋንቋ ብንናገረው፥ ቁልፉ ለአንዱ ሣጥን ተሠርቷልና ሌላውን አይከፍትም። መድኃኒቱም በሕዋስ ውስጥ ብዙ ቀን ስለሚቈይ አንድ ጊዜ ተውጦ ይበቃል። በ1928 ዓ.ም. አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ያገኘው ፔኒሲሊንም እንዲሁ በልዩነት የሚሠራ ነው፤ እርሱ የሚያፈርሰው የባክቴሪያውን ቅጥር ነው፤ የሰው ሕዋስ ደግሞ እንዲህ ያለ ቅጥር የለውም።

ይህን ካወቅን ዘንድ መድኃኒቱ የማይሠራበትንም ማወቅ ይገባናል። የጭርት ፈንገስ ከኛው ወገን የሆነ ባለ አስኳል ነውና የትራኮማው መድኃኒት መድኃኒቱ አይደለም፤ የወባም ተውሳክ የራሱ የሆነ ሌላ መድኃኒት አለው። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስም ሕዋስ ስላልሆነ፥ የራሱ ራይቦዞምም ስለሌለው፥ እንዲህ ያለውን መድኃኒት ለጉንፋን መዋጥ ከንቱ ነው። ከከንቱነቱም በላይ፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሁልጊዜ ቢወሰድ በገላችን ያሉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እየለመዱ ይሄዳሉና ለእውነተኛው ችግር ጊዜ እንቢ ይላሉ። ደግሞም ማይቶኮንድሪያ የተባለው የሕዋሳችን ክፍል የራሱ ዲ ኤን ኤና የባክቴሪያን የሚመስል ራይቦዞም አለው፤ ሊን ማርጉሊስ የተባለች አሜሪካዊት በ1967 ዓ.ም. እንደ ገለጸችው፥ በጥንት ዘመን በሌላ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የቀረ ባክቴሪያ ነበረ። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ልክ ሲወሰድ የኛንም ሕዋስ ይጎዳል። ፍርሃታችን ጥቂት እውነት የነበረበት በዚህ ብቻ ነው፤ የሕፃናቱ ቁመት በዘንግ መለካቱም መድኃኒቱ በልክ እንዲሰጥ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄያችን፥ ጤነኛ ስለ ምን ይውጣል የሚለው፥ መልሱ የተገኘው ከሩቅ አገር አይደለም። ከብቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅና በግንደ ወይን አልፎ ሞጣ የሚደርሰውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ የጎንቻ ሲሶ እነሴን ወረዳ ያውቃል። በዚህ ወረዳ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ 72 ቀበሌ ጎጦች በዕጣ ተከፍለው የትራኮማ መድኃኒት አሰጣጥ ተመረመረ። ከእነዚህ በአንደኛው ክፍል፥ እስከ 10 ዓመት ላሉት ሕፃናት ብቻ በየሦስት ወሩ መድኃኒት ተሰጠ። በአንድ ዓመት ውስጥ ባክቴሪያው ከተገኘባቸው ሕፃናት ቍጥር ከ100 48 የነበረው ወደ 4 ገደማ ወረደ። እጅግ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው። መድኃኒቱን ራሳቸው ሳይቀምሱ የቀሩት ትልልቆቹ ሰዎች ባክቴሪያው የተገኘባቸው ከ100 8 ያህል ብቻ ሲሆኑ፥ ለማንም ባልተሰጠበት ክፍል ግን ከ100 15 እስከ 16 ነበሩ። ሕፃናቱ በመዳናቸው ወላጆቻቸው ተጠበቁ ማለት ነው።

ይህን ባነበብን ጊዜ እስክሪብቶውን አስቀምጠን ብዙ አሰብን። ሕመሙ በዐይናር፥ በእጅ፥ በነጠላ ጫፍና በዝንብ ከሕፃን ወደ ሕፃን፥ ከሕፃንም ወደ እናት ይሄዳል። ሕፃን የሚያቅፉ፥ ዐይኑን የሚጠርጉ ሴቶች ናቸውና ከወንዶች ይልቅ እነርሱን አብዝቶ ያሳውራል። ደጋግሞም ሲይዝ የሽፋኑ ውስጥ ይቈስላል፥ ቍስሉ ሲጠግግ ጠባሳው ሽፋኑን ይስበዋል፥ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል። በ2005 እና በ2006 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ምርመራ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ሕፃናት ከ100 62 ያህሉ ይህ ሕመም ነበረባቸው። እንግዲህ እናታችንን ያሳወራት ባክቴሪያ ከወዴት እንደ መጣ መጠየቅ አያስፈልግም፤ በነጠላዋ ፊታችንን ስትጠርግ ከኛው ከልጆቿ ዐይን ሳይሆን አይቀርም። እኛ ጸጉሩን እየነቀልን ስናስታምማት፥ ያሳመምናትም እኛው ነበርን።

ባለፈው ጊዜ ሞጣ ወርደን ስለ ሁለቱ ሕዋሳት፥ ስለ አስኳሉና ስለ ራይቦዞሙ ለእናታችን ተረክንላት። እርስዋም ጸጥ ብላ ሰምታ ሲያበቃ፥ «ልጄ፥ መልካም ተምረሃል። እኔ ግን ያን ዕለት የዋጥሁት ይህን ሁሉ አውቄ አይደለም። ያች ልጅ ሕመሙ ከልጅ ወደ እናት ይሄዳል ብትለኝ፥ የልጅህ ልጅ ወረንጦ ይዛ በሚስትህ ፊት ስትቀመጥ ታየኝ» አለችን። ለራሳችን መልስ ስናጣ ዝም አልን።

አሁን በቤታችን ሥርዐት አቁመናል። በጠዋት ቡና ከመፈላቱ በፊት የሕፃናቱ ፊት በጣሳ ውሃ ይታጠባል፤ ለእያንዳንዱም የራሱ ፊት መጥረጊያ ጨርቅ ተለይቶለታል። ዝንቡ በሰው ዐይነ ምድር ላይ ይራባልና መጸዳጃው ክዳን ተደርጎለታል። የመድኃኒት ዕደላ ሲሆንም ከቤቱ ማንም አይቀርም፤ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ቢኖር ግን የሚገባው የሚዋጠው ሳይሆን ቴትራሳይክሊን የሚባለው የዐይን ቅባት ነው። ሽፋሽፍቱ የታጠፈበትም ሰው ወረንጦውን ትቶ ሳይዘገይ ወደ ቀዶ ሕክምናው ይሂድ። ወረንጦውማ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1500 ዓመት ያህል በግብጽ አገር በተጻፈው የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ጥንታዊ ነገር ነው፤ ለጊዜው ያሳርፋል እንጂ አያድንም።

በሹመትም በማዕርግም በትምህርትም ያላችሁ ክቡራን ሆይ፥ ሕዝቡ የእናንተን በር ይመለከታል። የተማረው ሰው መድኃኒቱን ከደጁ ሲመልስ ያየ ጎረቤት እርሱም ይመልሳል፤ እኛም ያን ዕለት የመለስነው የራሳችንን ብቻ እንዳልነበረ ዛሬ እናስባለን። ስለዚህ ያላወቃችሁትን ነገር እኛ እንዳደረግነው በክርክር ሳይሆን በጥያቄ ተቀበሉት። ለልጆቻችንም ሕዋስ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ሁለት ዐይነት መሆኑን እናስተምራቸው። ትምህርቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በአንዲት እናት ዐይን ይመነዘራል።

እግዚአብሔር የልጆቻችንን ዐይን ከጨለማ ይጠብቅልን።